አየሩን ከየት ያገኛል?

ከሱቅ የገዙትን የክብሪት ሳጥን አንሥተው ጎኑን ልብ ብለው ይዩት። በእንጨቷ ራስ ላይ ያለውና በሳጥኑ ጎን የተቀባው ቡናማ ነገር አንድ ዓይነት አይደሉም። በእንጨቷ ራስ ላይ ያለው በአብዛኛው ፖታሺየም ክሎሬት የሚባል ጨው ነው፤ ሲሞቅ ኦክስጅን ይለቃል። በሳጥኑ ጎን ያለው ቀይ ፎስፈረስ ነው፤ ፍትጊያው እንዲበረታ የደቀቀ መስተዋት ተቀላቅሎበታል። ስንጭራት ከቀዩ ፎስፈረስ እጅግ ጥቂቱ በፍትጊያው ሙቀት ወደ ነጭ ፎስፈረስ ተለውጦ ብልጭ ይላል። ያች ብልጭታ ጨውን ታሞቀዋለች፣ ጨው ኦክስጅኑን ይለቃል፣ እንጨቷ ትነዳለች።

ሁለቱ ተለያይተው የተቀመጡት ሆን ተብሎ ነው። የድሮው ክብሪት ነጭ ፎስፈረስን ራሱ ላይ ይዞ ስለነበር ኪስ ውስጥ እያለ ይለኮስ ነበር፤ በፋብሪካው የሚሠሩ ሰዎችንም የመንጋጋ አጥንት ያበሰብስ ነበር። ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1844 አንዱን ከእንጨቷ ራስ ላይ፣ ሌላውን ከሳጥኑ ጎን አድርጎ ለያቸው። በ1906 ደግሞ አገሮች በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ተሰብስበው ነጩ ፎስፈረስ ከክብሪት እንዲወጣ ተስማሙ።

ስለሚቃጠልና ስለሚፈነዳ ነገር ማወቅ የሚገባን ዋናው ነገር በዚህች ሳጥን ላይ አለ። እሳት የሚነድ ነገር፣ ኦክስጅንና ሙቀት ይፈልጋል። ሦስቱንም የማያውቅ ሰው የለም። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ግን ይህን ነው፦ ይህ ነገር አየሩን ከየት ያገኛል? ቤንዚን ከውጭ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሲታፈን ይጠፋል። ባሩድና ርችት ኦክስጅናቸውን በጨው መልክ ይዘው ስለሚመጡ ቢታፈኑም ይነዳሉ፤ እንዲያውም ታፍነው ሲነዱ ነው የሚፈነዱት። ቲ ኤን ቲን የመሰለው የጦር ፈንጂ ደግሞ የሚነደውንም ኦክስጅኑንም በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ይዟል። አደጋ ሲደርስ ማፈን፣ ውኃ ማፍሰስ ወይም ሩጦ መራቅ የሚለው ውሳኔ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው። ጭሮ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ወደ ሐረርና ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአሰቦትና ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ ወደ ጭሮ፣ ከዚያም ወደ ሂርና የሚወጣው መንገድ ነዳጅ የጫነ ቦቴ፣ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ፣ ጫት የጫነ አይሱዙ ይመላለስበታል። ገበሬው ማዳበሪያ ቤቱ ያስቀምጣል፤ በየጋራዡ የጋዝ ብየዳ አለ። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የላቦራቶሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከማዳበሪያው ልጀምር፤ ከቤይሩት በኋላ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በሊባኖስ ዋና ከተማ ወደብ ላይ 2,750 ቶን የሚሆን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በዚያች ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያት እህቶቻችን በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ስለነበር ወሬው በየቤታችን የገባው በስልክ ነው፦ ልጄ ደህና ናት ወይ እየተባለ። የፈነዳው «ማዳበሪያ» እንደሆነ ሲነገር በጓዳው ጆንያ ያስቀመጠ ገበሬ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

መልሱ ግን ግልጽ ነው። የእኛ ገበሬ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚወስደው በዋናነት ዩሪያ፣ ዳፕና ኤን ፒ ኤስ ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ቢኖረውም እንደ አሞኒየም ናይትሬት ኦክስጅን ለእሳት አይሰጥም። 133 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፤ የበለጠ ሲሞቅ አሞኒያ የሚባለውን ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል። ዳፕም ሆነ ኤን ፒ ኤስ የእሳት አጋዥ አይደሉም። ስለዚህ ጓዳ ያለው የዩሪያ ጆንያ አይፈነዳም። ቤቱ በእሳት ቢያያዝ ከጆንያው የሚመጣው ጉዳት የጋዙ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ጆንያ ለማውጣት መታገል ስለዚህ አይገባም።

ለሐረርጌ ሰው ዩሪያ ሌላ አደጋ አለው፣ እሱ ግን ብዙ አይወራም። እዚህ አገር ሠንጋ የሚደልበው ቤት አጠገብ ታስሮ፣ አገዳና ቅጠል በእጅ እየተሰጠው ነው። ዩሪያ የተፈታበትን ውኃ ከጠጣ፣ ወይም የተቀደደ ጆንያ ከላሰ፣ ጨጓራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ዩሪያውን በፍጥነት ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ከብቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስንት ወር የተደከመበት ሠንጋ በአንድ ምሽት ይጠፋል። ከፍንዳታ ወሬ ይልቅ ይህ ቢነገር እመርጣለሁ።

አሞኒየም ናይትሬት ግን ሌላ ነው። ነጭ፣ ጥራጥሬ መሳይ፣ እርጥበት የሚስብ ጨው ነው፤ 170 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ መበስበስ ይጀምራል። ንጹሕ ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ የተረጋጋ ነው። የሚከፋው በሌላ ነገር ሲበከል፣ ሲታፈንና ሙቀት ሲጸናበት ነው። በዓለም ዙሪያ ለእርሻም ለድንጋይ ማውጫም ያገለግላል፤ ድንጋይ ማውጫ ያለበት አገር ሁሉ ያውቀዋል።

የዚህን ጨው ጠባይ እንደ ቴክሳስ ሲቲ የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1947 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ላይ የቆመች ግራንድካምፕ የተባለች መርከብ 2,000 ቶን በሚበልጥ አሞኒየም ናይትሬት ተሞልታ ነበር፤ በወረቀት ከረጢት የታሸገ ማዳበሪያ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከታችኛው ክፍል ጭስ ታየ። የመርከቡ አዛዥ ጭነቱ በውኃ እንዳይበላሽ አሰበና የክፍሉ መዝጊያ እንዲከደን፣ በውስጡም እንፋሎት እንዲለቀቅ አዘዘ። እሳቱን ለማፈን ነው። ከሰል ወይም ጥጥ ቢሆን ኖሮ ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። ይህ ጨው ግን አየሩን ከራሱ ስለሚያገኝ መዝጊያው እሳቱን አላጠፋውም፤ ሙቀቱንና ግፊቱን ብቻ ጨመረ። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ጭስ ወደ ሰማይ ሲወጣ የከተማው ሰው ለማየት ወደ ወደቡ ጎረፈ። ከአንድ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ መርከቧ ፈነዳች። ቢያንስ 581 ሰው ሞተ፤ ከከተማዋ 28 በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች 27ቱ አለቁ።

ያ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቡናማ ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ናይትሬት እየበሰበሰ መሆኑን ያሳውቃል፤ ራሱም ሳንባ ይጎዳል። ቤይሩትም ላይ ታይቷል። በቤይሩት ከጭሱ እስከ ትልቁ ፍንዳታ ድረስ ደቂቃዎች ነበሩ፤ በነዚያ ደቂቃዎች ብዙ ሰው በመስኮት ቆሞ በስልኩ ይቀርጽ ነበር፤ ከቆሰሉትም ብዙዎቹን ያቆሰላቸው መስተዋት ነው። እንዲህ ዓይነት ጭስ ያየ ሰው ከመስኮት ይራቅ። ጭነቱ ላይ እሳት ከደረሰ በኋላ በአደጋ ጊዜ መመሪያ የሚመከረው ርቀት ቢያንስ 1,600 ሜትር ነው። በቤይሩቱ መጋዘን ርችትም አብሮ ተቀምጦ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ርችትና ናይትሬት በአንድ ጣራ ሥር ማለት እንጨቷንና ሳጥኑን መልሶ ማዋሐድ ነው።

መኪና ላይ የተጫነውን እንዴት እናውቃለን? ደንቡን በጠበቀ መኪና ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ በጫፉ የቆመ ምልክትና ብርቱካንማ የቁጥር ሰሌዳ ይለጠፋል። ቀይ ምልክት ከነበልባል ጋር ተቀጣጣይ ፈሳሽ ወይም ጋዝ ነው። ቢጫ ሆኖ ነበልባሉ በክብ ላይ ከተሣለ ኦክስጅን ሰጪ ነው። ብርቱካንማ ከሆነና የሚፈነጣጠር ነገር ከተሣለበት ፈንጂ ነው። በሰሌዳው ታችኛ ረድፍ 1203 ካለ ቤንዚን፣ 1202 ካለ ናፍጣ፣ 1942 ካለ አሞኒየም ናይትሬት፣ 1402 ካለ ካልሲየም ካርባይድ ነው። በመንገድ ዳር ለምትኖር ከተማ እነዚህን አራት ቁጥሮች በትምህርት ቤት ማስተማር ብዙ አያስከፍልም፤ የትራፊክ ምልክት ከምናስተምርበት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ቁጥሩን ለይቶ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ቤንዚንና ናፍጣ ለዓይን ቢመሳሰሉም በጠባይ በጣም ይራራቃሉ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚለኮስ ትነት ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን 55 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይሰጥም። ስለዚህ በሚኤሶ የቀን ሙቀት ጀሪካን ከተከፈተ ቤንዚኑ ዙሪያውን በማይታይ ትነት ይሞላል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት ተስቦ ወደ ቦይ፣ ወደ ምድር ቤት፣ ከበረንዳው ሥር ወዳለው የቡና ማፍያ ከሰል ይሄዳል። ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህሉን ከያዘ ለመለኮስ ይበቃዋል። እሳቱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጀሪካኑ ተመልሶ ይመጣል፤ «ማንም እሳት አላቀረበበትም» የሚባለው ለዚህ ነው። ቆላ ላይ በሙቀት የተሞላ የታሸገ ጀሪካን ወደ ጭሮ ዳገት ሲወጣ ደግሞ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ያብጣል፤ ክዳኑ ላልቶ ከሆነ መኪናው ውስጥ ይተነፍሳል።

ቦቴ ሲገለበጥ የሚፈሰውን ለመቅዳት መሯሯጥ ያለ ማጋነን ሞትን መቅዳት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 በታንዛኒያ ሞሮጎሮ አንድ ቦቴ ተገልብጦ ነዳጅ ሊቀዱ ከተሰበሰቡት ወደ 100 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ። የተገለበጠ ቦቴ ሲገኝ ሹፌሩን አድኖ መራቅ፣ ሞተር ማጥፋት፣ ሲጋራም ሆነ የስልክ መብራት ይዞ አለመቅረብ ነው። የነደደ ቤንዚን ላይ ውኃ አይደፋም፤ ቤንዚኑ ይንሳፈፍና እሳቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩን ከውጭ የሚወስድ ነገር ስለሆነ ትንሽ ከሆነ በአሸዋ ይታፈናል።

በውኃ የሚቆጡም አሉ። በጋራዥ የሚታወቀው ካርባይድ ግራጫ ድንጋይ መሳይ ነው፤ ውኃ ሲነካው አሴታይሊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ቤንዚን ለመለኮስ ከአየር ጋር ያለው ድርሻ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ባለው ጠባብ መስመር ውስጥ መሆን አለበት፤ አሴታይሊን ግን ከ2.5 እስከ 80 በመቶ ድረስ ይለኮሳል። ማለትም ክፍሉ ጋዝ ጋዝ ከሸተተ ትንሽም ሆነ ብዙ ያው አደገኛ ነው። ከዚህም በላይ ጥያቄያችንን የሚያፋልስ ጠባይ አለው፦ ሲታመቅ ያለ ምንም አየር በራሱ ተበታትኖ ይፈነዳል። በሲሊንደር ውስጥ አሴቶን በጠጣ ቀዳዳማ ነገር ተይዞ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ ሲሊንደሩንም አጋድሞ መጠቀም የሚከለከለው አሴቶኑ እንዳይወጣ ነው። የተበሳ ቱቦ በመዳብ ቧንቧ መቀጠል ክልክል ነው፤ አሴታይሊን ከመዳብ ጋር ሲቆይ ነካ ሲያደርጉት የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራል። የኦክስጅኑን ሲሊንደር ደግሞ ግሪስ በነካው እጅ አይከፍቱም፤ ታምቆ የሚወጣ ንጹሕ ኦክስጅን የተገናኘውን ዘይት በራሱ ሊያቀጣጥለው ይችላል። መካኒኮቻችን ቀኑን ሙሉ ግሪስ በእጃቸው ነው፤ ሲሊንደሩን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ነፍስ ያድናል።

ለማሽላ ነቀዝ የሚጣለው ፎስቶክሲን የሚባለው ክኒንም ከዚሁ ወገን ነው። የአየሩን እርጥበት እየሳበ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ከአየሩ 2 በመቶ ሲጠጋ ሊቀጣጠል ይችላል። የተረፈ ክኒን በውኃ ባልዲ ውስጥ መጣል ጋዙን በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። ሰው በሚተኛበት ክፍል እህል ውስጥ አይጨመርም፤ ይህ ምንም ድርድር የለውም።

በበዓላት ዋዜማ ፖሊስ ያለ ፈቃድ ርችት መተኮስ ክልክል መሆኑን ሲያሳስብ እንሰማለን። ሰማይ ላይ የምናየው ቀለም የብረታ ብረት ጨው ነው፦ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ቢጫው ከሶዲየም፣ ቀዩ ከስትሮንሺየም ይመጣል። የሰንደቅ ዓላማችን ሦስት ቀለማት በሦስት ጨዎች ይሠራሉ። ያምራል፤ በባለሙያ እጅ ከሆነ እኔም ደስ ብሎኝ አያለሁ። ግን ሁሉም ከኦክስጅን ሰጪ ጨውና ከደቀቀ ብረት ጋር የተቀላቀሉ ናቸው፤ የጋመ ብረት ብናኝ ላይ ውኃ ሲረጭ ሃይድሮጅን ይወጣና እሳቱ ይብሳል። ክሎሬት ከድኝ ጋር በፍትጊያ ብቻ ስለሚፈነዳ እንግሊዝ ድብልቁን በ1894 በሕግ ከልክላለች፤ ከዚያ በፊት የሙያው ሰዎች ራሳቸው ብዙ ሞተውበታል። ልጆች የክብሪት ራስ ሰብስበው ለማስጮህ የሚያደርጉት ጨዋታ ከዚያ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። ጣትና ዓይን የሚያጠፋው በብረት ውስጥ ሲታፈን ነው፤ አይተው «ልጅ ነው» ብለው አይለፉት።

የመጨረሻው ጉዳይ የጦር መሣሪያ ቅሪት ነው። የአገራችን ምሥራቅ ብዙ ጦርነት ያለፈበት ነው፤ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ያልፈነዳ ጥይት፣ ቦምብና ፈንጂ በየሜዳው ጥሎ ሄዷል። ቁርጥራጭ ብረት እየገዛና እየሸጠ የሚያድር ሰው ደግሞ በየከተማው አለ። የተተኮሰ ቀለህ ባዶ ናስ ነው። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ግን ቲ ኤን ቲ ወይም ዘመዱን ይዟል። ቲ ኤን ቲ 80 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ እርጥበት አያበላሸውም፤ ስለዚህ ብረቱ ዝጎ ሲያልቅ እሱ ገና ደህና ነው። ሲፈነዳ ማዕበሉ በፈንጂው ውስጥ በሰከንድ 6,900 ሜትር ይሄዳል፤ የድምፅ ፍጥነት 20 እጥፍ ነው። ሰው ድምፁን ሰምቶ መሸሽ የሚባል ነገር የለም።

ቲ ኤን ቲ ለብቻው በቀላሉ አይነሣም። የሚያስነሣው በጫፉ ያለው ትንሹ ማስነሻ ነው፤ በውስጡ ሌድ አዛይድን የመሰሉ፣ በመጠን ጥቂት ግን በምት፣ በፍትጊያ፣ በሙቀት የሚነሡ ኬሚካሎች አሉ። እነዚህ በጊዜ ብዛት አይደክሙም። ሌድ አዛይድ እርጥበት ባለበት ከመዳብ ጋር ሲቆይ ከቀድሞው ይልቅ ለንክኪ የሚቆጣ ነገር ይፈጥራል። «አርጅቷል፣ ሞቷል» የሚባለው ቅሪት ከአዲሱ ይልቅ ሊያሰጋ የሚችለው ለዚህ ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ከሳምንት በኋላ፣ በከተማዋ የነበረ የጦር መሣሪያ ማከማቻ ተቃጥሎ ፈነዳ፤ ብዙ ሰው አለቀ። የ1977ቱን ረሃብ በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ለመቅረጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። የሚቃጠል የጥይት ማከማቻ በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ሰው ሲጠጋ እንደገና ይጮኻል። ለፈንጂ ጭነት የሚመከረው ርቀት 1,600 ሜትር የሆነው ፍንጣሪው ከእሳቱ እጅግ አልፎ ስለሚሄድ ነው።

ቤት ውስጥ ጥይት ያለው ሰው ከምድጃ አጠገብ አያስቀምጥ። እሳት ውስጥ የወደቀ ጥይት ከጠመንጃ አፈሙዝ እንደሚወጣው ባይበርም ቀለሁ ተፈንጥሮ ዓይን ያወጣል። በእርሻ ወይም በቦረቦር ውስጥ የብረት ቅሪት ያገኘ ሰው ደግሞ አይንካው፣ ድንጋይ አይወርውርበት፣ አያቃጥለው፣ ለቁራሌው አይሽጠው። በመጣበት ዱካ ይመለስ፤ ከሩቅ በሚታይ ነገር አቅጣጫውን ያመልክት፤ ልጆችንና ከብቶችን ይከልክል፤ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ይናገር። ለሚመጣው ባለሙያ ሦስት ነገር ይጠቅመዋል፦ ቅሪቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቅርጹ፣ እንዲሁም ከተገኘ ጀምሮ ያነሣው ወይም ያዞረው ሰው መኖር አለመኖሩ።